እንባዬን የያዘው ኪኒን

ይህን የምጽፈው መድኃኒት አትውሰዱ ለማለት አይደለም። ውሰዱ ለማለትም አይደለም፤ እሱ የሐኪማችሁ ሥራ ነው። የምጽፈው እናቴ ስትሞት እንባ እምቢ ስላለኝ፣ እንባዬን ፍለጋም መድኃኒቴን በገዛ እጄ ስላቆምኩ ነው። እንደ እኔ በዓይኗ ድርቀት የምታፍር አንዲት ሴት ብታነበው ይበቃኛል። ወንድ ቢያነበውም አልቀየምም።

ስሜ ጽጌ ነው። ከአገር ውጭ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ከተማ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ስኩል ባስ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ፣ መንዳት ነው። ባለቤቴ ታደለ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ ልጃችን ሊያ ኮሌጅ ናት። ድምፄ ትልቅ ነው፣ ሳቄም እንዲሁ፣ ለቅሶዬማ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ለቅሶ ቤት ገና ከበር ስጀምር ውስጥ ያለው ሰው “ጽጌ መጣች” ይል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ሰው ለምን እንደታዘበኝ እንዲገባችሁ ነው።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ሕመም አልመሰለኝም። አናቴን ያቃጥለኛል፤ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ የምበላው ሁሉ ወረቀት ወረቀት ይላል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አውርጄ ባሱ ባዶ ሲሆን፣ ያለ ምንም ምክንያት መሪው ላይ ተደፍቼ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን በእርጥብ ወረቀት ጠርጌ ባሱን ወደ ማቆሚያው ግቢ እመልሰዋለሁ።

የመጀመሪያው ሐኪም ጨጓራ ነው አለኝና የጨጓራ መድኃኒት አዘዘልኝ። ሁለተኛው የአንገት እጢ ይሆናል ብሎ ደም አስቀዳኝ። ሦስተኛው ለሀበሻ ሁሉ የሚታደለውን ቫይታሚን ዲ ሰጠኝ። ልቤንም ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው አዩት፤ ንጹሕ ነው አሉ። “ምንም የለብሽም” ሲባል ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ይህ ምንድን ነው?

ከነዚያ ሁሉ መጠበቂያ ክፍሎች አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ዊተን የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ውስጥ፣ ድምፁ የተዘጋ የምግብ ዝግጅት ቲቪ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛ አትችልም፤ እኔም እንግሊዝኛ እንጂ ስፓኒሽ አልችልም። ስቅበጠበጥ አይታ ከቦርሳዋ የሚንት ከረሜላ አወጣችና ልጣ ሰጠችኝ። ስሟ እስኪጠራ ድረስ ጉልበቴን ቸብ ቸብ እያደረገች አብራኝ ቆየች። ያን ቀን ያዳነኝ እሷ ትሁን ከእሷ በኋላ ያየችኝ ሐኪም እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

የዚያ ክሊኒክ ሐኪም ወጣት ናት፤ አትቸኩልም። “ጠዋት ስትነሺ የሚመጣውን ቀን ትፈልጊዋለሽ?” አለችኝ። “እኔን ማን ጠየቀኝ?” አልኳት። በዚያው ለቅሶዬ መጣ። ስጨርስ ዲፕረሽን ነው አለችኝ፤ ድብርት ማለት ነው። እኔ የማውቀው ድብርት እሁድ ከሰዓት መጥቶ ሰኞ የሚሄደውን ነው፤ ይኼኛው ግን ኪኒን ይፈልጋል አለች።

ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፌ ደረቀ፣ ሆዴን አቅለሸለሸኝ፣ በክረምት ላብ አጠመቀኝ። ማዛጋቱማ አይነሳ፤ ቄሱ ሲሰብኩ አፌን ከፍቼ ሳዛጋ ሰው ሲገላምጠኝ አየሁ። ሐኪሟ እነዚህ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው፣ አብዛኞቹ ይለቁሻል፣ ታገሺ ብላኝ ነበርና ታገስኩ። እውነትም ለቀቁኝ። አንድ ማታ እራት ስንበላ “ይኼ ሽሮ ጨው አንሶታል” አልኩ። ታደለ ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። ስንት ወር ሙሉ የቀረበልኝን ዝም ብዬ ስውጥ የነበርኩ ሴት ስለ ጨው ማጉረምረም ጀምሬያለሁ! ብድግ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ሁሉም ግን አለቀቀኝም። የእኔና የታደለ የመኝታ ነገር ቀዘቀዘ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ለእኔ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ግን እጽፈዋለሁ። ጥፋቱ የእሱ መስሎት ከርሟል ምስኪኑ፣ እኔም የራሴ መስሎኝ ከርሜያለሁ። ሌላም ነበር። ነገር ሁሉ መጥቶ ከቆዳዬ ይመለሳል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ሊያ ከሃይስኩል ስትመረቅ እናቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሲጠርጉ እኔ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ጠንካራ ሆንኩ ብዬ ኮራሁ እንጂ ነገሩን ለሐኪሟ አልነገርኳትም።

እናቴ ደሴ ነበረች። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሊያ ምርቃት ወራት በኋላ አረፈች፤ እኔ ግን ከሳምንት በላይ አላወቅኩም። ከእኛ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ኃይሉና ታደለ ተማክረው ደበቁኝ። በአገራችን ልማድ መርዶ በማለዳ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እኔ ደግሞ በማለዳ ባስ ላይ ነኝ፤ መድኃኒት እንደምወስድም ያውቃሉ። ድንጋጤው እንዳይጥለኝ ፈርተው ቀን ሲመርጡ ሰነበቱ። ታደለ ስልኬን “ላስተካክልልሽ” ብሎ ፌስቡኬን አጠፋው። ለእናቴ ስደውል ደግሞ “ኔትወርክ የለም አሉ” ይለኛል።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በመስኮት አየሁ። ፓርኪንጉ ውስጥ የማውቃቸው መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይወርዳሉ። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እንደዚያ ወርጃለሁ። በሩን ከመንኳኳቱ በፊት ከፈትኩና “እማዬ ናት?” አልኩ።

ጋሼ ኃይሉ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። እንዳልፈጠፈጥ ተብሎ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ እጄን ያዙ፤ አንደኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው፣ የወንድሜ ጎረቤት፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ። እኔ ግን ቆምኩ። ጠበቅኩ። ከሆዴ የሆነ ነገር ተነሳ፣ ደረቴ ድረስ መጣ፣ እዚያ ቀረ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና “ቁርስ በልታችኋል?” አልኳቸው። እትዬ አስካለ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ እጄን ይዘው ደከማቸው።

ለቅሶ ጋሼ ኃይሉ ቤት አሌክሳንድሪያ ተቀመጥን። በየቀኑ ከታደለ ጋር ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ዊልሰን ድልድይን ተሻግረን እንሄዳለን። ሰው እያለቀሰ ይገባል፤ ባለ ኀዘን ደግሞ ተነስታ በለቅሶ መመለስ አለባት። እኔ ተነስቼ አቅፋቸዋለሁ፣ እንባቸው ትከሻዬን ያረጥበዋል፣ የእኔ ጉንጭ ደረቅ ነው። ኩሽና ውሃ ልቀዳ ስገባ አንዷ ለሌላዋ “ለሰው ያን ያህል የምታለቅስ ሴት ለእናቷ ጊዜ ምነው? አልተዋደዱም ነበር መሰለኝ” ስትል ሰማሁ። ጆጉን ይዤ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲበተን ጋሼ ኃይሉ ጠጋ ብሎ “እናታችን እኮ ናት፣ ጽጌ” አለኝ። ቁጣ አልነበረውም፤ ልመና ነበር። ኩሽና ውስጥ ከሰማሁት ይልቅ ይኼ ቆረጠኝ።

ስመለስ መኪና ውስጥ ወሰንኩ። መድኃኒቱን አቆማለሁ፤ ለአርባዋ እንባዬ ይመለሳል፤ እናቴን እንደ ሰው እሸኛታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠርሙሱን ከመታጠቢያ ቤት ቁም ሳጥን ኋላ ገፋሁትና በሩን ዘጋሁበት።

እንባው መጣ፤ አልዋሻችሁም። ግን በማይረባ ነገር ነበር የሚመጣው። ግሮሰሪ ውስጥ የተጨፈለቀ ማንጎ አይቼ አለቀስኩ። የኢንሹራንስ ማስታወቂያ አይቼ አለቀስኩ። ስለ እናቴ ላለቅስ ስቀመጥ ይጠፋል። አብሮት ደግሞ ቁጣ መጣ፤ ሊያ ቤት መጥታ ስኒ ሳታጥብ ሄደች ብዬ በስልክ ጮህኩባት። “ማም፣ ዩ አር ስኬሪንግ ሚ” አለችኝና ዘጋችው። ልጄን ማስፈራቴ ገረመኝ እንጂ ከመድኃኒቱ ጋር አላያያዝኩትም።

ከሁሉ የከፋው ራሴ ውስጥ ያለው ነገር ነበር። ዓይኔን ወደ ጎን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካኝ ያህል ነዘር ያደርገኛል፤ ለቅጽበት የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ሌላ ሥራ ቢኖረኝ ምናልባት እችለው ነበር። የባስ ሹፌር ሥራዋ ግን መስታወት ማየት ነው። ግራ መስታወት፣ ነዘር። ቀኝ መስታወት፣ ነዘር። የውስጡ፣ የፊተኛው ክቡ፣ እያንዳንዱ የራሱ አለው። አንገቴን ከነትከሻዬ እያዞርኩ አታለልኩት፣ ግን አልተታለለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ቆሜ ልጆች አወረድኩ። ቀዩ መብራት ይበራል፣ የማቆሚያው ምልክት ተዘርግቷል። ልጆቹ ከፊቴ ተሻገሩ። ልነሳ መስታወቶቹን አየሁ፤ ነዘረኝ። መጨረሻ የወረደው ትንሹ ልጅ ተሻግሯል ወይስ ከባሱ አፍንጫ ሥር አለ? አላውቅም። እንደገና አየሁ፤ እንደገና ነዘረኝ። ተሻግሯል ብዬ አሰብኩ፤ ግን አሰብኩ እንጂ አላየሁም።

ፍሬኑን ጎትቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ሬዲዮውን አንስቼ “ሌላ ሹፌር ላኩ፤ እኔ ይህን ባስ አላንቀሳቅስም” አልኩ። ኋላዬ ያሉ መኪናዎች ይጮሃሉ፤ የቀሩት ልጆች ይጨቃጨቃሉ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሬ መጥታ ዙሪያውን አየች። ልጁ ቤቱ ገብቶ በመስኮት ያየን ነበር። ምንም አልሆነም። እኔ ግን ያን መስታወት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለቅሶ ፈልጌ የሰው ቤት ለቅሶ ላስቀምጥ ነበር እኮ።

በማግስቱ ሊያ ከኮሌጅ መጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። መድኃኒቱን ሰውነትሽ ለምዶታል፣ በአንድ ቀን ሲነጠቅ እንዲህ ይነዝራል፣ ያስለቅሳል፣ ያስቆጣል አለችኝ። “ባስሽን ለማቆም ፍሬኑን በአንዴ ትረግጪዋለሽ?” ስትለኝ አፈርኩ። እንባ መድረቁም ሆነ የመኝታው ነገር የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው አለች። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማልቀስ አቃተኝ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አለ?” አልኳት።

“አለ” አለች። “ብዙ አለ።”

ከዚያ ባለቅስ ምን እንደሚለወጥ ጠየቀችኝ። በእኛ ዘንድ እንባ ለራስ ብቻ አይደለም፣ ኀዘንሽን ሊካፈል ለመጣ ሰው የሚሰጥ መልስ ነው አልኳት። ምርጫ አለሽ አለች፦ ባለበት መቀጠል፣ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር፣ ወይም ቀስ በቀስ መቀነስ። ግን መጀመሪያ ወደ ነበርሽበት መጠን ተመልሰሽ ተረጋጊ። መቀነስ ከፈለግሽም ባስ በማትነጂበት ጊዜ ይሁን። ሌላ ሰው ደስ እንዲለው ብለሽ ግን አትወስኚ አለችኝ።

እዚያው ሊያ ፊት ኪኒኑን ዋጥኩ። ዓይኔ ለአርባውም ደረቅ እንደሚሆን እያወቅኩ ዋጥኩት። ከባድ ነበር። ግን ባስ ላይ ያሉት ልጆች የእናት ልጆች ናቸው፤ እናቴም ብትኖር ሌላ አትለኝም ነበር።

በአርባው ዋዜማ ከጋሼ ኃይሉ ጋር ጋራዡ ውስጥ የእድሩን ወንበሮች እናራግፋለን።

“ጋሼ፣ ነገም አላለቅስም” አልኩት።

“ምን ማለትሽ ነው?”

ነገርኩት። ኪኒኑ እንባዬን እንደሚይዝብኝ፣ እንዳቆምኩት፣ ባሱን መንገድ ላይ እንዳቆምኩት። የያዘውን ወንበር ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ።

“በእኔ ንግግር ነው ያቆምሽው?”

“አንተም አለህበት።”

“እኔ እኮ ሰው ሲያማሽ እየሰማሁ ዝም ያልኩት” አለ፣ “መድኃኒት እንደምትወስጂ ቢያውቁ አበደች ይሏታል ብዬ ነው። ስምሽን ልጠብቅ ብዬ ነው፣ እታለም።”

“ጨካኝ ከምባል እብድ ብባል ይሻለኛል” አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔ ጀርባውን አሸሁለት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። አንዲት ሴት እያለቀሱ መጥተው አቀፉኝና ጆሮዬ ላይ “ይውጣልሽ እንጂ ልጄ፤ በሆድሽ አትያዢው” አሉ። ከዚህ በፊት ዝም እል ነበር። አሁን ግን ያ ትልቁ ድምፄ ቢያንስ አልጠፋም።

“እማማ፣ የዲፕረሽን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው” አልኩ። “እንባዬን ይይዝብኛል። እናቴን ስለማልወዳት አይደለም። ከማንም በላይ እወዳታለሁ።”

ጋሼ ኃይሉ ከወንዶቹ መካከል ተነስቶ “እውነቷን ነው” አለ። ያቺ አንዲት ቃል በቃችኝ።

እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እጄን ያዙኝ።

“እናትሽ ሥራቸው ምን ነበር?” አሉኝ።

“ልብስ ሰፊ።”

“እንዴት ያሉ ልብስ ሰፊ?”

“ደህና አድርገው የሚሰፉ። ሜትር አይወዱም፣ በስንዝር ነው የሚለኩት። መርፌያቸውን ሻሻቸው ላይ ይሰካሉ፣ ከዚያ የት ጠፋ እያሉ ቤቱን ያተራምሳሉ።”

“እሺ። ሌላስ?”

“የድሃ ልጅ ዩኒፎርም ሲሰፉ ለሰው አይናገሩም። ማታ ሰፍተው ጠዋት በሩ ላይ ይሰቅሉለታል። ዓይናቸው ሲደክም ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላቸው እኔ ነበርኩ።”

“ይበቃል” አሉ እትዬ አስካለ። “እንግዲያው እኔ አለቅስልሻለሁ።”

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ፣ በቀጭን ድምፅ ጀመሩ፦

መርፌዋን ከሻሿ ሰክታ በማለዳ፣
ሄደች ወይ እናቴ ሸፍና የሰው ጓዳ።

እናቴ አሉ። እናትሽ አላሉም። ደሴን ረግጠው የማያውቁ፣ እናቴን አንድ ቀን ያላዩ ሴት፣ በእኔ ቦታ ሆነው እናቴ አሉ። ቤቱ ባንድ ጊዜ ፈረሰ። ጋሼ ኃይሉ ተንሰቀሰቀ፣ ታደለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ኩሽና ውስጥ ያማችኝ ሴትዮ ሳትቀር አለቀሰች። እትዬ አስካለ ቃል ሲያልቅባቸው ወደ እኔ ዘንበል ይላሉ፤ እኔ በጆሯቸው ሌላ አቀብላቸዋለሁ። ልጅ ሆኜ ክሩን እንደማስገባው፣ እሳቸው እየሰፉ እኔ እያቀበልኩ እናቴን ሸኘናት። እንባ አልወጣኝም። ከመርዶው ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ የቆመው ነገር ግን ያን ቀን ወረደ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋና ባሶቹ ሲቆሙ፣ እንደተነጋገርነው ከሐኪሟ ጋር መቀነስ ጀመርን። በጣም በዝግታ፤ ነዘር ሲያደርገኝ ቆም እያልን። ከታደለ ጋር ወደ ነበርንበት ለመመለስ ትንሽ ቀረን፤ ዝርዝሩን ለራሳችን እንያዘው። የመጠኑ ግማሽ ላይ ስንደርስ ግን ያ አሮጌው የአናት ማቃጠል ብቅ አለ። አሁን ጨርሼ ላቁመው ወይስ እዚህ ልቆይ የሚለውን አሰብኩበት፤ በዚህ ጊዜ ብቻዬን አይደለም፣ ከሐኪሟ፣ ከታደለና ከሊያ ጋር ነው። ወሰንኩ፤ ግማሹ ላይ እቆያለሁ። የሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንደገና እናየዋለን። አንዳንዴ ዓይኔ ይረጥባል፣ አንዳንዴ አይረጥብም፤ ሽሮው ጨው ሲያንሰው ግን አውቃለሁ።

እናንተም መተው ካሰባችሁ ተናገሩ። ምን እንዳስጨነቃችሁ፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ ላዘዘላችሁ ሰው ንገሩት። ጠርሙሱን ከቁም ሳጥን ኋላ አትደብቁት።

እትዬ አስካለ እሁድ እሁድ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የላቸውም፤ ስልኩን ሳነሳ “ኪኒኗን ዋጥሽ?” ነው።

“ዋጥኩ፣ እትዬ አስካለ።”

“ጎሽ” ይላሉ። “እንባውን ለእኔ ተይው።”